ለክቡር ሊቀመንበራችን፦ ከሕንዱ ፊልም ላይ ስለዘለልነው ንግግር

ለተከበሩ፣ ለተወደዱ፣ አዳራሽ ከፍቶ መዝጋት ለማይሰለቻቸው ለማኅበራችን ሊቀመንበር ለጋሽ ብርሃነመስቀል፤
ትቬይታ፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? መንገዱ በበረዶ እንዲህ መስታወት በሆነበት ሰሞን ጫማዎ ሥር ያሰሩት የብረት ጥርስ አይርገፍብዎ፤ የደም ግፊትዎም ባለበት ይርጋ፤ በተለይ ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ። እኔ ታናሽዎ ፊሊሞን፣ የቅዳሜ ፊልም ተርጓሚዎ፣ ትሮስተሩድ ከእናቴ ቤት ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው።

ይህንን በማኅበሩ ግሩፕ ላይ ልጽፈው ነበር። ይሁን እንጂ ግሩፑ ላይ ሰላምና ጸጥታ እንዲሰፍን በማሰብ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይጽፍበት ስለቆለፉት (ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ከዚያ ወዲህ እውነትም ጸጥ ብሏል)፣ በርበሬና ሽሮ ከምንገዛበት ሱቅ በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ደቃቅ ጽሑፍ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ደግሞ እትዬ ገኒት በድምፃቸው አንብበው በየስልኩ ሊልኩላቸው ቃል ገብተውልኛል። እትዬ ገኒትን ያውቋቸዋል፤ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉት፣ ባርነሃገ በሚሉት የዚህ አገር የሕፃናት መዋያ የሰው ሕፃን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ ሲናደዱ ወደ ትግርኛ የሚሻገሩት። በዚህ ሰሞን አብዛኛውን ጊዜ ትግርኛ ናቸው።

ሽሮ ሊገዛ መጥቶ ሳያስበው ይህን ለሚያነብ መንገደኛ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበራችን በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሕንድ ፊልም ያሳያል። ፊልሙ ከሥሩ የኖርዌይኛ ጽሑፍ አለው። እናቶቻችን ግን ቢሮ ሲያጸዱ ሰንብተው የደከመ ዓይናቸው የሚሮጥ የኖርዌይኛ ፊደል አያሳድድም። ስለዚህ እኔ ማይክ ይዤ ከስክሪኑ አጠገብ እቆምና ጽሑፉን እያነበብኩ በአማርኛ እናገራለሁ። ለወንዱ ወፍራም ድምፅ፣ ለሴቷ ቀጭን ድምፅ፣ ለአሮጊቷ የእርስዎን ድምፅ። ሙያውን የቀሰምኩት በልጅነቴ ኮምቦልቻ ቪዲዮ ቤት ነው። እዚያ የነበረው ተርጓሚ ሐሳብ ሲያልቅበት የቦምቤውን ጀግና ስለ ኮምቦልቻ ባጃጅ ታሪፍ ያስወራው ነበር። እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃን ጀምሬ ብተወውም ይህንን ትምህርት ግን በማዕረግ ጨርሻለሁ። ሂንዲ አንድ ቃል አላውቅም። ይህ ግን እንቅፋት ሆኖብኝ አያውቅም።

እንግዲህ በእግዚአብሔር ፈቃድና በእርስዎ ትዕግሥት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። እስከዛሬ ላሳዩን ፊልሞች በሙሉ አመሰግናለሁ። እነዚያ የመረጧቸው የቆዩ ፊልሞች ምግባራችንን ጠብቀውልናል። ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን። ጢሙን የሚያሻሽ የባለርስት ልጅ ድሃዋን ልጅ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ዝናብ ይጥላል። አምባሯ ይሰበራል፣ ኩራዙ ይጠፋል፣ ካሜራውም አፍሮ ወደ ግድግዳ ይዞራል። አፍሮ ስል ግን ሻሿ እስኪወድቅ ድረስ ጠግቦ ካየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ያላት ምርጫ የታወቀ ነው፦ ወይ ውኃ ጉድጓድ ትገባለች፤ ወይ የመንደር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለዚያው ሰው ይድሯታል፤ ወይ ማጭድ ይዛ፣ ፀጉሯን ፈትታ፣ በነጎድጓድ መሃል አምላክ ትሆናለች። እንደ ተራ ሰው የደረሰባትን ተናግራ፣ ፍርዷን ይዛ ቤቷ መግባት የሚባል ነገር የለም። ፍርዱን የሚያመጣው ወንድሟ ነው። ከከተማ በሞተር ብስክሌት ይመጣና ጎራውን ሁሉ በቡጢ ይዘርራል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ሕፃናቱ ከፊት ወንበር ሆነው የተሰበረ አንገት ሲቆጥሩ «ይሄ ለቤተሰብ አይመችም» ብለው አያውቁም፤ እንዲያውም እርስዎ ራስዎ ከወንበርዎ ብድግ ብለው «በለው!» ያሉበት ቀን አለ። አልረሳሁትም። ያምርብዎታል።

እኔም ብሆን ምስኪኗ ጋ ስደርስ እንደ ኮምቦልቻው መምህሬ «እንግዲህ ልጅቷ ተበላሸች» ብዬ አልፋት ነበር። እንደ ወተት። ከዚያ በኋላ ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ፊልሙም አይጠራውም።

ሁለተኛ። በጥቅምቱ ቅዳሜ እትዬ ገኒት ከቤተ መጻሕፍት አንድ አዲስ የሕንድ ፊልም ተውሰው መጡ። እዚህኛው ላይ ዝናብ የለም፤ ወንድም የለም፤ ካሜራው የሆነውን ነገር ጭራሽ አያሳይም። አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ ጠባብ ችሎት ውስጥ፣ ከላይዋ አሮጌ ማራገቢያ እየተንቀጫቀጨ፣ ቆማ ትናገራለች። ፊልሙ በሙሉ እሷ እዚያ ለመቆም የምትሄደው መንገድ ነው።

ገና ችሎቱ ሳይጀመር ለሻይ ስንነሳ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ፊሊዬ፣ ይሄ ድብድብ የለውም እንዴ?» አሉኝ። «ኔይ፣ የለውም ጋሽዬ» አልኩዎት። «እንግዲያው እናቶች ተቀምጠዋል። ጊዜውም ጥሩ አይደለም። ያችን የችሎቷን ነገር ለስለስ አድርገህ እለፋት። ሳቅ ጣል አድርግባት፤ አንተ ታውቅበታለህ» አሉኝ። ለዚህ ትምህርት ባለዕዳዎ ነኝ። ሰው በጅምላ ሲገደል ለቤተሰብ እንደሚመች፣ አንዲት ሴት ረጋ ብላ ስትናገር ግን እንደማይመች እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። «አንተ ታውቅበታለህ» ማለትዎም እንዴት ደስ እንዳሰኘኝ! ትምህርት ቤት ያላገኘኋት ቃል ናት።

ሦስተኛ። ጊዜው ለምን ጥሩ እንዳልነበረ። ይህንን ትቬይታ ላይ የማያውቀው የአውቶቡስ ፌርማታው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ደብዳቤ ስለሆነ ልጻፈው።

ሐረገወይንን ያውቋታል። ጠዋት ቢሮ ታጸዳለች፣ ከሰዓት ለረዳት ነርስነት ትማራለች፣ ሆልምሊያ ለብቻዋ ትኖራለች። ጋሽ ሳህሉንም ያውቋቸዋል። ትልቅ መኪና ያላቸው፣ ከየድግሱ ሁላችንንም በየቤታችን የሚያደርሱ፣ ሲያደርሱም «ቀበቶ እሰሩ» ሳይሉ የማይነሱ ደግ ሰው ናቸው ስንል ኖረናል። ባለፈው ፀደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ከአንድ ሠርግ ስንመለስ ሁላችንንም አደረሱን። እኔን ከቤታችን በር ላይ ጥለው ሲሄዱ መኪናው ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። እጄን አውለብልቤላታለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷ ለፖሊስ ተናግራለች፤ እኔ በር ላይ አልለጥፈውም፤ የእሷ ነው። ጋሽ ሳህሉ ደግሞ አላደረግኩም ብለዋል። የሚፈርደው ዳኛ ነው፤ ቀጠሮውም ተቆርጧል።

እርስዎ ግን ዳኛው እንዳይደክም ብለው መሰለኝ፣ ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ድፎ ዳቦ አስይዘው፣ በባቡር ሆልምሊያ ድረስ ወረዱ። በጋሽ ሳህሉ መኪና አለመሄድዎ አስተዋይነትዎን ያሳያል። ከእሷ ሶፋ ላይ ተደርድራችሁ ስትቀመጡ ጥምጣም ብቻ ቀረባችሁ እንጂ ቁርጥ የፊልሞቻችንን የመንደር ሸንጎ ነበር የምትመስሉት። «አንቺም ልጃችን ነሽ፤ እሱም ወንድማችን ነው። ገበናችንን ለፈረንጅ ዳኛ አሳልፈን እንስጥ?» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ለፍትሐዊነትዎ አደንቅዎታለሁ፤ ለሁለቱም እኩል የሥጋ ዝምድና ሰጥተዋል። እሷ ዳቦውን አልቆረሰችም። «ችሎት እቀርባለሁ፣ አባቶቼ» ብላ ጃኬታችሁን አቀበለቻችሁ።

እናም በዚያ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ከኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ሻርፗን ሳትፈታ። አይቻታለሁ ጋሽ ብርሃነመስቀል። ይህችን ልብ ይበሉልኝ። አላየኋትም ለማለት ብዙ ሞክሬያለሁ፤ በአማርኛም በኖርዌይኛም ሞክሬዋለሁ፤ አልሆነልኝም።

አራተኛ። አራተኛዋን ለጊዜው እዘላታለሁ። መዝለል ለምዶብኛል። እመለስባታለሁ።

አምስተኛ። ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ግን በቁጥር ስለጀመርኩ ቦታ አጣሁለት። ከሻይ ተመለስን። መብራቱ ጠፋ። ሴትየዋ ችሎት ፊት ቆመች። እኔም ማይኬን አፌ ላይ አድርጌ ስለ ድስት ጀመርኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይሄ ሰውዬ ድስቴን ተውሶ አልመለሰልኝም» አስባልኳት። አዳራሹ ፈነዳ። ጠበቃው ተነስቶ ምን ለብሳ እንደነበር ሲጠይቃት «ድስቱ ክዳን ነበረው ወይስ አልነበረውም?» አስባልኩት። አንዷ እናት «ውይ ይሄ ልጅ!» ብላ ጭኗን መታች። ሴትየዋ ተናግራ ስትጨርስ «ወጡም አብሮ ሄደ!» አልኩ። እርስዎ መሐረብ አውጥተው ዓይንዎን ጠረጉ። እናቴ ሳቀች። ሁሉም እናቶች ሳቁ። ድስት ነው ያልኳቸው፤ ምን ያድርጉ? በዚያች ሴት ላይ አልሳቁም፤ እሷን አልሰጠኋቸውም።

ከስክሪኑ ግርጌ ግን እውነቱ በነጭ ፊደል እየሄደ ነበር። ኖርዌይኛ የሚያነቡት አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከፊት ሳቅ፣ ከኋላ ጸጥታ ሆነ። እኔ የምሰማው ሳቁን ነበር። ሐረገወይን በጆሮዋ ድስት ትሰማለች፣ በዓይኗ የራሷን ነገር ታነባለች፣ በመካከል የገዛ አገሯ ሰው ይስቃል። ማይኩን እንደያዝኩ ጃኬቷን ስትለብስ አየኋት። በሩ እንዳይጮህ በእጇ ይዛ፣ ሰው እንዳትረብሽ፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እኔ ደግሞ አንድ ቀልድ ጨመርኩ። ጥሩ ቀልድ ነበር። እንደዚያ ያለ ሳቅ አግኝቼ አላውቅም፤ ጣፍጦኝ ነበር። ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ መጣፈጡ ነው።

የማይኩን ገመድ ስጠቀልል እትዬ ገኒት መጡና «ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃን ሳሳድግ እንዳንተ ያለ ጨቅላ አልገጠመኝም» አሉኝ። ቀጥሎ ያሉት በትግርኛ ስለነበረ አልተረጎምኩትም።

ስድስተኛ። በሳምንቱ ሐረገወይን ለእትዬ ገኒት ደውላ «ችሎት አልቀርብም፤ ይቅርብኝ» አለቻቸው። እትዬ ገኒት ጆሮዬን ይዘው ሆልምሊያ ወሰዱኝ። ጆሮዬን ያልኩት ለማጋነን አይደለም፤ ባቡሩ ውስጥ ሰው ያይ ነበር። ሐረገወይን በሩን ከፈተች፣ ግቡ ግን አላለችም። ደረጃው ላይ ቆሜ ነው የሰማኋት።

«ዳኛውን አልፈራውም ነበር» አለችኝ። «ጠበቃው የሚጠይቀኝንም መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄው ነበር። የፈራሁት እዚያ ቆሜ ስናገር ያገሬ ሰው ምን ይላል የሚለውን ነው። አንተ በማይክ አሰማኸኝ። ተመስገን፣ ከወዲሁ አወቅኩት።»

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። አፌ እንኳ ከልማዱ የተነሳ ቀልድ ይዞ ነበር የተከፈተው፤ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

«ይቅርታህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። «የዘለልከውን፣ በዘለልክባቸው ሰዎች ፊት በለው። ከዚያ እኔ እማስበውን አስባለሁ።» በሩ ያን ጊዜም አልጮኸም።

እኔም በማግስቱ እርስዎ ዘንድ መጥቼ አዳራሹን ለሻይ ማፍያ ያህል ጊዜ እንዲፈቅዱልኝ ለመንኩዎት። እርስዎም «አዳራሹ እስከ ፋሲካ ተይዟል፤ ደግሞ ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል» ብለው፣ ባዶ እጄን እንዳልመለስ በማሰብ፣ «ማኅበረሰቡን በማዝናናት ላበረከተው አስተዋጽኦ» የሚል ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። በሕይወቴ ያገኘሁት የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት ነው። እናቴ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ምስማር አውጥታ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌልዎታለሁ፤ ያዩታል። አንድም ስህተት የለበትም። ስሜም፣ የሠራሁትም፣ ያሠራኝም በትክክል ተጽፏል።

እንግዲህ ወደ አራተኛዋ ልመለስ።

አራተኛ። አዳራሹ ስለተያዘ፣ ያን ቀን የሳቀ ሁሉ ደግሞ ሽሮ ሳይገዛ ስለማይቀር፣ የዘለልኩትን እዚሁ አኖራለሁ። ፊልሙን መልሼ ተውሼ፣ እያስቆምኩ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል ገለበጥኩት። የማላውቀውን ቃል እትዬ ገኒትን ጠየቅኩ። ድምፅ አልቀየርኩም፤ ቀጭን ድምፅ የላትም። ጠበቃው «ታዲያ ለምን አልጮህሽም?» ሲላት ሴትየዋ እንዲህ ነበር ያለችው፦

«መጀመሪያ አይሆንም ያልኩት ቀስ ብዬ ነው። የማውቀው ሰው ስለነበረ ላላሳፍረው ብዬ። ለእሱ ክብር ስጨነቅ ነበር፣ ጌታዬ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ። ሁለተኛውን ጮክ ብዬ አልኩት። ሦስተኛውን እየለመንኩ አልኩት። አልጮህሽም ይሉኛል። ጮኼያለሁ። ጩኸቴን የሚሰማ አልነበረም ይሉኛል። ነበረ። እሱ ሰምቶኛል። እኔ እዚህ የቆምኩት ማንም ስላልሰማኝ አይደለም፤ አንድ ሰው ስለሰማኝና ሰምቶ ስላደረገው ነው። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ስሜን ትቶ "ያቺ" ይለኛል። ስሜ እናንተ መዝገብ ላይ አለ። ስትፈርዱ በስሜ ጥሩኝ።»

ይኸው ነው። ድስት የለበትም። ከዚያ ካሜራው ወደ ግድግዳም ወደ ኩራዝም አልዞረም፤ እዚያው ፊቷ ላይ ቆየ። ማራገቢያው ብቻ ይንቀጫቀጫል። እኔ «ወጡም አብሮ ሄደ» ያልኩት እዚያች ጸጥታ ላይ ነው።

ጋሽ ሳህሉ ጥፋተኛ ናቸው አልልም፤ ያንን የሚለው በዳኝነት ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው። ሠላሳ ሰው በቡጢ የሚጥል ወንድም እንዲመጣም አልለምንም፤ እንደዚያ ያለውን ብዙ ተርጉሜያለሁ፣ አንዷም ልጅ ፍርዷን ይዛ ቤቷ ስትገባ አላየሁም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሐረገወይን ስትናገር እንደ እኔ አታድርጉ።

በመጨረሻም ለከፈቱልኝ ማይክ፣ ለዘጉብኝ አዳራሽ፣ ለቆለፉት ግሩፕ፣ ላልተቆረሰው ዳቦ እጅ እነሣለሁ። ቤትዎ ይሙቅ፤ መስኮትዎ ብርድ አያስገባ፤ ቴሌቪዥንዎ ከሥሩ ጽሑፍ አይጥፋበት። በማኅተምዎ የተመሰከረልኝ አዝናኝዎ፣ ሳቅ በማያሻበት ቦታ የሚያስቅ፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣ ከእንግዲህ ግን ታዛዥዎ ያልሆነ፤

ፊሊሞን
ከትሮስተሩድ

ማሳሰቢያ፦ ጋሽ ሳህሉ ስለ መልካም ጠባያቸው እንዲመሰክሩላቸው እርስዎን እንደጠሩ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። አማርኛዎ እንደሚጥም ስለማውቅ ለችሎቱ አስተርጓሚ መመደቡን ሳበስርዎት ደስ ይለኛል። እኔ አይደለሁም። ጠይቄ እንደተረዳሁት የዚያ ሰውዬ ሥራ የተባለውን ሁሉ እንደተባለ መናገር ነው፤ አያለሰልስም፣ ሳቅ ጣል አያደርግም፣ ኮሪደር ላይ ክንዱን ቢይዙትም አይሰማም። ስለዚህ «ልጅቷ ጨዋ ልጃችን ናት፣ ግን…» ብለው ሲጀምሩ ያችን «ግን» ሳይቀር ይተረጉማታል። ደግሞም እትዬ ገኒት ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለሐረገወይን በስልክ አንብበውላት ነበር። «ስምሽን ያውጣው ወይ?» ሲሏት «ሙሉውን ይጻፈው» አለች። ስለ እኔ አንድም ነገር አልተናገረችም። የጠየቀችው ችሎቱ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ብቻ ነው። ከፍ ያለ ነው፤ ለጉልበትዎ ግን አያስቡ። አሳንሰር አለው። ጠባብ ነው ይላሉ፤ ምናልባት ከእሷ ጋር አብራችሁ ትወጡ ይሆናል።